በቁሙ የተለቀሰለት ዘፋኝና ሌሎች ደብዳቤዎች

የዚህ ወር ደብዳቤዎቻችሁን ሳነብ አንድ ነገር አሳቀኝ። የምትጠይቁኝ ስለ እናት፣ ስለ እጮኛ፣ ስለ ልጅ ነው፤ ግን በየደብዳቤው ውስጥ አንድ ታዋቂ ሰው ቁጭ ብሏል። ዘፋኝ፣ ሯጭ፣ ኳስ ተጫዋች፣ ቲክቶከር። ድሮ በቤታችን ጉዳይ የሚገባው ጎረቤት ነበር፤ እሱም ቢሆን ቡና ሲጠራ ነው የሚመጣው። እነዚህ ሳይጠሩ በስልክ ገብተው ሳሎን ተቀምጠዋል። እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም፣ ከታች ታዩታላችሁ። ስማችሁን እንደጠየቃችሁኝ አላወጣሁም፣ ከተማችሁን ብቻ ነው የጻፍኩት።

*

«እናቴ 68 ዓመቷ ነው። በቅርቡ ዘመናዊ ስልክ ገዛሁላት። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስገባ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ አገኘኋት። ‹ማን ሞተ?› ስላት ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደውን ዘፋኝ ስም ጠራችልኝ። ሰውዬው ግን በሕይወት አለ! በማግስቱ ራሱ ቪዲዮ ለቆ ‹አለሁ፣ ደህና ነኝ› አለ። እናቴ አሁን አፍራ ጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት ትታለች። ስልኩን ብቀማት ይሻል ይሆን?» — ከአዳማ

ኧረ አትቀሚያት! የኔም እናት ይህንኑ ሠርታለች። እንዲያውም የኔዋ ትብሳለች፤ ባቄላውን ለንፍሮ ዘፍዝፋ፣ ጎረቤቷን «ነይ አብረን እንልቀስ» ብላ ጠርታ ነው እኔ የደረስኩት። ያ ባቄላ ሦስት ቀን ሙሉ ተበላ።

እኔ ግን ጥፋቱ የእናቶቻችን አይመስለኝም። ለእነሱ መርዶ የሚቀለድበት ነገር አይደለም። መርዶ ማልዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ገብቶ የሚነገር ነገር ነበር። ሰው «ሞተ» ካለ ሞቷል ማለት ነው፣ በዚህ ማን ይዋሻል? ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው በፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ነው። የኛ ቤት የበዓሉ ዶሮ ገና አላለቀም ነበር። እናቴ ወሬውን ስትሰማ ቄጠማውን ጠረገችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያኔ የሰማችው እውነት ነበር። አሁን ደግሞ በስልክ ስትሰማ ለምን ትጠርጥር? የመጣችበት ዓለም ይሄ ነው።

አሁን ግን የሐሰት መርዶ ሥራ ሆኗል። አይተሽው ይሆናል፤ የሰውዬው ፎቶ ጥቁርና ነጭ ይደረጋል፣ ጎኑ ላይ ሻማ ይለጠፋል፣ «አሳዛኝ ሰበር ዜና» ተብሎ በቀይ ይጻፋል። ገብተሽ ስትሰሚው ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ስለ ልጅነቱ ያወራሉ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ «ለአርቲስታችን ረጅም ዕድሜ እንመኛለን» ብለው ይዘጋሉ። ሰው በከፈተው ቁጥር ገንዘብ ይገባላቸዋላ። የእናትሽ እንባ ተቆጥሮ ተከፍሎባቸዋል ማለት ነው፤ እኔን የሚያበግነኝ እሱ ነው።

ለእናትሽ ስለ «ፌክ ኒውስ» አታስተምሪያት፣ አይገባትም፣ ቢገባትም ይደብራታል። አንዲት ጥያቄ ብቻ ስጫት፦ «ቀብሩ የት ነው? ስንት ሰዓት?» የኛ አገር ለቅሶ ቀብር የሌለው አይሆንም። የእውነት ሲሆን የቤተ ክርስቲያኑ ስም ወይ የመካነ መቃብሩ ቦታ፣ ከነሰዓቱ ወዲያው ይሰማል። ቀብሩን የማይነግር መርዶ ውሸት ነው በያት። የኔዋ ይህችን ከያዘች በኋላ ሁለት ዘፋኝና አንድ ኮሜዲያን ከሞት አድናለች። ቡናውን ደግሞ ራስሽ አፍዪና ጎረቤቶቿን ጥሪያቸው። እመኚኝ፣ ከመካከላቸው ቢያንስ አንዷ አልቅሳለች።

*

«31 ዓመቴ ነው፣ ባንክ ነው የምሠራው። ሽማግሌ ልኬ፣ ቤተሰቦቿ እሺ ብለው፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። እጮኛዬ ግን ‹አልጠየቅከኝም› ትለኛለች። አርቲስቶች መድረክ ላይ ተንበርክከው ቀለበት ሲያወጡ የሚያሳይ ቪዲዮ በቀን ሦስቴ ትልክልኛለች። አባቴ ይህን ሲሰማ ‹ለሴት የተንበረከከ ወንድ በዘራችን የለም› አለ። መሃል ላይ ቆሜያለሁ።» — ከሐዋሳ

አባትህ ትንሽ ረስተዋል። በሠርጋቸው ቀን የአማታቸውን ጉልበት የሳሙት ቆመው አልነበረም። በዘራችሁ ተንበርክካችኋል፣ ካሜራ ስላልነበረ ነው።

እኔ ይሄን የተንበርክኮ ነገር ብዙም አልወደውም፤ ምክንያት አለኝ። አንድ ቅዳሜ ማታ ቦሌ አንድ ሬስቶራንት ከጎናችን ባለው ጠረጴዛ ይኸው ተደረገ። ልጁ ተንበረከከ፣ ሙዚቃው ቀጥ አለ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ደስ ይል ነበር። ከዚያ ካሜራ የያዘው ጓደኛው «ይቅርታ፣ መብራቱ አልያዘም፣ አንዴ ድገመው» አለ። ደገመው! ተነስቶ፣ ሱሪውን አራግፎ፣ ቀለበቱን ወደ ሳጥኑ መልሶ፣ እንደገና ተንበረከከ። ልጅቷም አፏን እንደገና ያዘች። እኛም እንደገና አጨበጨብን፣ ምን እናድርግ። የቀረበላቸው ጥብስ ቀዝቅዞ ሞራው ሲረጋ እኔ ነኝ የማየው። የኔ ባል የጠየቀኝ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። «ሁለት ቤት ኪራይ ለምን እንከፍላለን?» አለኝ። ይኸው ነው። እኔም «እሱስ እውነትህን ነው» አልኩት።

ይሄን ሁሉ ብዬ ግን እጮኛህ ትክክል ናት እላለሁ። ቃሏን እስቲ ደግመህ ስማው፤ «አልጠየቅከኝም» ነው ያለችው። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት አባቷን ነው። መልስ የሰጠው አጎቷ ይሆናል። እሷ ያን ቀን ጓዳ ሆና ለሽማግሌ የሚቀርብ ስታቀራርብ ነበር፣ ተሳሳትኩ? እስካሁን ማንም ወደ እሷ ዞሮ «አንቺስ?» አላላትም። ቪዲዮውን የምትልክልህ ጉልበትህን ናፍቃ ላይሆን ይችላል።

አሞራ ገደል ውሰዳትና አሣ ብሉ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ወዲያ ወዲህ በሉ፣ ስልክህን ኪስህ ክተትና ጠይቃት። ብትንበረከክም ባትንበረከክም ያንተ ጉዳይ ነው፤ ድንጋዩ ሻካራ ስለሆነ መሀረብ ያዝ። «ካሜራማኑስ?» ካለችህ ግን እኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ጓደኛህን ይዘህ ሂድ። መብራቱን ቀድሞ ይሞክር።

*

«እህታችን፣ መስከረም 4 ቀን 2018 ቶኪዮ ላይ የሴቶች ማራቶን ሲሮጥ ቤት ቁጭ ብለን አየን። ትዕግስት አሰፋ በ2 ሰከንድ ተቀድማ 2ኛ ስትወጣ እኔ ቴሌቪዥኑን ልሰብር ነበር። 14 ዓመት የሆነው ልጄ ‹ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይም እንደዚህ ሆነህ ነበር፣ ግን ያኔ ለሆላንድ ሮጣ ያሸነፈችው ሲፈን ሐሰንም ከኢትዮጵያ ናት፣ ለምን ተናደድክ?› አለኝ። ቀጠለና ‹እኔ ብሮጥ ለማን ነው የምሮጠው?› አለ። እዚሁ አሜሪካ ነው የተወለደው። መልስ አጣሁ። ምን ልበለው?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጋሼ፣ የፓሪሱን ባያነሱብኝ ጥሩ ነበር። ቁስሌን ነካኩት።

ነሐሴ 5 ቀን 2016፣ እሁድ። ፍልሰታ ነው። እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን እንኳን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ወንድሜ መሬት ላይ ነው። ከዋዜማው ታምራት ቶላ በወንዶቹ ወርቅ አጥልቆልናል፤ ያውም ሲሳይ ለማ ተጎድቶ በእሱ ምትክ የገባ ልጅ፣ 2:06:26 ሮጦ የኦሊምፒክ ሪከርድ ሰብሮ። ስለዚህ እሁዱንም የኛ ነው ብለን ነው የተቀመጥነው። ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ መጨረሻዋ ላይ ሁለት ሴቶች ቀሩ። ትዕግስትና ሲፈን ሐሰን። በመጠምዘዣው ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ፣ ሲፈን በውስጥ በኩል ሾልካ ወጣች። 2:22:55 እና 2:22:58። ሦስት ሰከንድ! እኔ ጮህኩ። ወንድሜ እዚህ የማይጻፍ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ቡድን ክስ አቀረበ፣ ውድቅ ሆነ። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ አሁንም ያች ግፊያ አልዋጥ ብላኛለች። የ2017ቱ የለንደን ማራቶን ላይ ትዕግስት 2:15:50 ገብታ የሴቶች ብቻ ሩጫን የዓለም ሪከርድ ስትይዝ፣ ሲፈን ደግሞ 3ኛ ስትወጣ፣ «እሰይ!» ብዬ ነው ያጨበጨብኩት። ልደብቅዎ አልችልም።

ያን እሁድ ግን እኛ ስንጮህ እናቴ ሌላ ነገር ጠየቀች። «እቺኛዋ የማን ልጅ ናት?»

«አዳማ ነው የተወለደችው፣ አሁን ሆላንዳዊት ናት» አላት ወንድሜ ተቆጥቶ።

«መቼ ሄደች?»

«በ15 ዓመቷ። ስደተኛ ሆና።»

«ከማን ጋር?»

ማናችንም መልስ አልነበረንም። እናቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ተነሳች። «በ15 ዓመቷ» አለች ለራሷ። ከዚያ ሽሮዋን ልትሠራ ጓዳ ገባች። ወንድሜ ድምፁን ቀነሰው።

ልጅዎ የጠየቀዎት ስለ ሩጫ አይመስለኝም። 14 ዓመት ልጅ እንዲህ ሲል፣ እናንተ እንዴት እዚያ እንደደረሳችሁ ሊሰማ ነው። ነግረውት ያውቃሉ? ብዙ ጊዜ አባቶች አይናገሩም። ዲቪ ደርሶዎት ነው? በሱዳን በኩል ነው? ታክሲ እየነዱ ነው የተማሩት? ስንት ዓመት ወረቀት ጠበቁ? «ለኢትዮጵያ ነው የምትሮጠው» ቢሉት አፍ ለማዘጋት ነው፤ «ላሳደገህ አገር» ቢሉት ደግሞ እርስዎ ራስዎ አያምኑበትም። የራስዎን መንገድ ይንገሩት፣ መኪና ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፣ ፊት ለፊት ስለማትተያዩ ይቀላል። ለማን እንደሚሮጥ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመርጣል። መጀመሪያ ይሮጣል ወይ? ከሶፋ ይነሳል? እሱን አልጻፉልኝም።

*

«ሁለት ልጆች አሉኝ፣ 6 እና 4 ዓመት። አማርኛ ይሰማሉ፣ ግን አንድ ቃል አይመልሱም። የምኖረው ዘፋኙ አቤል ተስፋዬ ባደገበት ከተማ ነው፣ እሱን ያሳደገችው አያቱ እንደሆነችና አፉን የፈታው በአማርኛ እንደሆነ ሁሉም ያወራል። እኔም እናቴን ከደብረ ብርሃን ላመጣት አስቤያለሁ። ልጆቼ ከእሷ ይማራሉ። ባለቤቴ ግን አይሆንም ይላል። ማን ነው ልክ?» — ከቶሮንቶ

የአቤል ነገር እውነት ነው። ዊክንድ እየተባለ ዓለም የሚያጨበጭብለት ልጅ በፈረንጆቹ 1990 እዚያው ቶሮንቶ ተወልዶ፣ ስካርቦሮ ውስጥ እናቱ ሥራ ስትሮጥ አያቱ ናት ያሳደገችው። ቤተ ክርስቲያንም የምትወስደው እሷ ነበረች። ዘፈኑን ሲያንቆረቁር አንዳንዴ የኛ ዜማ የሚመስል ነገር የሚሰማሽ በከንቱ አይደለም።

ግን እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ልጆችሽ አለ፣ ስለ ባልሽ አለ፣ ስለ አቤል አለ። እናትሽ መምጣት ትፈልጋለች ወይ የሚል አንድ መስመር የለም። ጠይቀሻታል?

የኔ አክስት ስዊድን ሄዳ ነበር፣ ለዚሁ ጉዳይ። ስምንተኛ ፎቅ። ልጇና ባሏ ጠዋት ይወጣሉ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ እሷ መስኮት ዳር ትቀመጣለች። ሲመለሱ «ዛሬ ያ ቀዩ አውቶቡስ አሥራ አንዴ አለፈ» ትላቸዋለች። ደብረ ማርቆስ በር ላይ ከቆመች መንገደኛው ሁሉ ሰላም የሚላት ሴትዮ ናት እኮ! በጣም የከበዳት ብርዱ አልነበረም። ቡናው ነበር። ለብቻ ቡና ማፍላት። ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ አንደኛውን ትጠጣለች፣ ከዚያ ሁለተኛውን ለማን ትቅዳ? ሦስተኛውንስ? በስድስተኛ ወሯ ጀበናውን እዚያው ትታ ተመለሰች። ልጆቹ የቀሰሙት «ነይ»፣ «ብላ»፣ «ተው» እና «ውይ!» ነው። ውይዋን ግን ጥሩ አድርገው ይሏታል።

ለምን አልተማሩም? እናትና አባታቸው ማታ ሲገቡ በስዊድንኛ ስለሚያወሯቸው ነው። አማርኛ የአያት ቋንቋ ሆኖ ቀረ፤ ልጆች ደግሞ ያውቁታል፣ የአንድ ሰው ብቻ የሆነ ቋንቋ ያ ሰው ሲሄድ ይሄዳል። አንቺ በየትኛው ነው የምትቆጫቸው? በእንግሊዝኛ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይሪ። ቁጣ በአማርኛ፣ ተረት በአማርኛ፣ መኪና ውስጥ በአማርኛ። በእንግሊዝኛ ሲመልሱልሽ እንዳልሰማሽ ሁኚ። ሁለት ሳምንት ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ጁስ በአማርኛ ይጠይቁሻል።

እናትሽ እሺ ካለች ደግሞ ደስ ይለኛል፣ እንዳትሳሳቺ። ካናዳ ለወላጅ የሚሰጠው ሱፐር ቪዛ አንዴ ከገባች እስከ 5 ዓመት ያስቀምጣታል፤ የጤና መድን ግን ቀድመሽ መግዛት አለብሽ። ካናዳ ሲሞቅ አምጫትና አስጀምሪያት፣ በጥር ብርድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳት ሰው ፈልጊ። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ያሉትን የሐበሻ ቤቶች አሳያት፣ እንጀራው ይገዛልና ምጣድ ተሸክማ አትምጣ። ከሁሉም በላይ ቡና የሚጠጣላት ሰው፣ ቢያንስ ሁለት። ባልሽ ለምን አይሆንም እንዳለም ጠይቂው። ምናልባት የሚጠላው አማቱን ሳይሆን አንድ መታጠቢያ ቤት ለአምስት ሰው መሆኑን ነው።

*

«ዱባይ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በየወሩ 700 ድርሃም ለቤተሰቤ እልካለሁ። ዶላር ከተወደደ ወዲህ ወንድሜ ‹አሁን እኮ ሀብታም ሆነሻል፣ ጨምሪ› ይለኛል። ደሞዜ አልጨመረም! ባለፈው ደግሞ የአንዲት ቲክቶከር ቤት ቪዲዮ ልኮልኝ ‹እሷም ዱባይ ናት› አለኝ። አለቀስኩ።» — ከዱባይ

የኔ እህት፣ ወንድምሽ ያየው ቁጥሩን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ገባ፣ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። በባንክ የምትልኪው 700 ድርሃም ያኔ 11 ሺህ ብር አካባቢ ነበር፣ አሁን ከእጥፍ በላይ ሆኖ ይደርሰዋል። በሰው በኩል ትልኪ ከነበረ ግን ጥቁር ገበያው ቀድሞም ከ100 በላይ ስለነበር ለውጡ ያን ያህል አይደለም። ብሩ ረከሰ እንጂ አንቺ አልከበርሽም። ወንድምሽም አልከበረም፣ ዘይትና ጤፍ የሚገዛው በዚያው በረከሰው ብር ነው፤ እሱም አይፈረድበት፣ ጨንቆት ይሆናል።

ከእንግዲህ ስታወሩ የብሩን ቁጥር አታንሺ። «700 ድርሃም ነው የምችለው» በይ፣ አለቀ። ከሱ ቀንሰሽ ትንሽም ብትሆን በራስሽ ስም ባንክ አስቀምጪ፣ በማንም ስም አይደለም። በእናትሽም ስም ቢሆን አይደለም። በዚህ አምድ ላይ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ውስጥ ያስለቀሱኝ፣ ተመልሰው መጥተው የላኩት ገንዘብ የሌላ ሰው ቤት ሆኖ ያገኙት ሴቶች ናቸው። ለወንድምሽም ቪዲዮ ላኪለት። የቲክቶከሯን ሳሎን አይቷል፣ አሁን ያንቺን መኝታ ክፍል ይይ። የብረት መተኮሻው፣ የፈረሰው ሻንጣ፣ መስኮት የሌለው ግድግዳ። ምንም አትናገሪ፣ ዝም ብለሽ ቅረጪው።

*

«ባሌ የአርሰናል ቀንደኛ ደጋፊ ነው። የተወለደልንን ወንድ ልጅ በቡድኑ ተጫዋች ስም ‹ሳካ› ካላልኩ ብሏል። አማቴ ‹ምን ማለት ነው?› ሲሉ እኔ ምን ልበላቸው? ክርስትናው የፊታችን እሁድ ነው፣ ፈጥነሽ መልሺልኝ።» — ከጎንደር

የክርስትናውን ስም ቄሱ ያወጡለታል፣ በእሱ አትጨነቂ። ለባልሽ ግን በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በፈረንጆቹ 2023፣ 2024 እና 2025 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ 2ኛ የወጣ ቡድን ተጫዋች ስም ለልጅ እንደማያሸክሙት ንገሪልኝ። እኔ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ስለሆንኩ አይደለም፤ እኛማ አሁን 2ኛም ብርቃችን ነው።

«ተሳካ» በሉት። ጥሩ ያገር ስም ነው፣ አማትሽ ይመርቁበታል። ባልሽ ሲያቆላምጠው «ተ»ዋን ይዋጣት።